ዲፕሎማው ተገኘ፤ ቀጥሎስ?

ልጅን ወልዶ፣ አሳድጎና አስተምሮ ለቁም ነገር ማብቃት የእያንዳንዱ ወላጅ ምኞት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምኞት በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚፈጸመው በቀላሉ አይደለም። በቋሪት ወረዳ፣ በገበዝ ማርያምና በአካባቢዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ አንዲት ልጃገረድ ነርስ ወይም አዋላጅ ሆና እስክትመረቅ ድረስ ከጎተራው እህል፣ ከማሳው ድንች፣ ከበረቱም ወይፈን እየተሸጠ የትምህርት ክፍያው፣ የቤት ኪራዩና ስንቁ ይሸፈናል። አባት ያረጀ ኮቱን ሳይቀይር፣ እናት አዲስ ቀሚስ ሳያምራት ዓመታቱ ያልፋሉ። በመጨረሻም ጥቁሩ ካባ ተለብሶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ እልልታው ይቀልጣል።

ድግሱ ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በገበያ መንገድ፣ በቡና ሰዓት ያገኛት ሁሉ «ልጅሽ ሥራ ያዘች ወይ?» እያለ እናቲቱን ይጠይቃል። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ መንፈቅ ሲሆን ልጅቷ ከሰው ዐይን መሸሽ ትጀምራለች። ወላጆችም «ያን ሁሉ ያወጣነው ለዚህ ነውን?» ማለታቸው አይቀርም። አንዳንዷም በዚህ ጊዜ የደላላ ወሬ ሰምታ የተማረችውን ሙያ ጥላ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት መሄድን ታስባለች።

የዛሬው ጽሑፋችን መልእክት አጭር ነው። በምርቃትና በቅጥር መካከል ያለው ጊዜ ቁጭ ብሎ ዕድልን የመጠበቂያ ጊዜ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህም ሥራ የተመራቂዋ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ፣ በተለይም የእናት ነው።

የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ወሊዶች ውስጥ በጤና ድርጅት የተከናወኑት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በ2008 ዓ.ም. ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል። በ2008ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት ጋር ሲነጻጸር በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱት እናቶች 412 መሆናቸው ተገልጿል። ከ16 ዓመት በፊት ይህ አኃዝ 871 ነበር።

ይህ ለውጥ የመጣው በሕንፃና በመድኃኒት ብቻ አይደለም። በየጤና ጣቢያው ሌሊት ነቅተው የሚያዋልዱ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ወጣት ሴቶች በመኖራቸው ጭምር ነው። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ፈታኞች የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ዓይነት ቢመስልም በልባቸው ያለው አንድ ነው። «ምጥ የያዛትን እናት ለዚህች ልጅ አምነን ልንሰጣት እንችላለን ወይ?» ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ዝግጅት ያደረገች ልጅ አትፈራም።

ምደባው አልፎ ውድድሩ መጥቷል

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያ ብርቅ ነበር። በገጠር አንድ ድሬሰር «ሐኪሙ» ተብሎ በሩቅ ይታወቅ ነበር። በዚያ ዘመን የተመረቀ ሰው ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ የሚፈልገው ነበር።

ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌያቸው ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረዋል። በብዙ የገጠር ቀበሌ በደመወዝ የምትኖር ሴት የታየችው ያን ጊዜ ነው። «ልጄን ለጤና ሙያ ላስተምር» የሚለው ምኞትም በየቤቱ የበረታው ከዚያ ወዲህ መሆኑ አያስገርምም።

ዛሬ የመንግሥቱም የግሉም ኮሌጅ በየዓመቱ ያስመርቃል፤ የቅጥር በጀት ግን በዚያው ልክ አላደገም። ለአንድ የሥራ መደብ ብዙዎች ይመዘገባሉ። ከዚህም ሌላ ዲፕሎማው ወይም ዲግሪው ብቻውን ወደ ሥራ አያስገባም። በደረጃ የሠለጠነች ባለሙያ የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ አለባት። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጥሏል፤ ለነርስነት፣ ለአዋላጅነት፣ ለፋርማሲና ለመሳሰሉት ሙያዎች ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል። ወላጆች ይህን ከወዲሁ ማወቃቸው «ጨረሰች ብላ ነበር፤ ደግሞ ምን ፈተና?» ከሚል ቅሬታ ያድናቸዋል።

የድግሱ ገንዘብና የመንገዱ ስንቅ

በምርቃት መደሰት ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን ድግስ ያለውን ሁሉ ጨርሶ ከሁለት ወር በኋላ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ መበደር ይጎዳል። ከገበዝ ማርያም ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ መመላለስ ገንዘብ ይጠይቃል። ፎቶ ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፉ፣ የምዘናና የፈቃድ ክፍያው፣ የአንድ ሌሊት አልጋው ተደምሮ ቀላል አይሆንም። ስለሆነም ብልህ ቤተሰብ ከድግሱ አንዱን በግ ያስቀራል። ያ ገንዘብ «የሥራ መፈለጊያ» ተብሎ በልጅቷ ስም በቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።

ቀጥሎ የሰነድ ጉዳይ ነው። የትምህርት ማስረጃው፣ የውጤት ዝርዝሩ፣ የምዘናው ሰርተፊኬት፣ የሙያ ፈቃዱ፣ መታወቂያውና የወጪ መጋራት ደብዳቤ የሚያስፈልጋት ከሆነ እሱም፣ ዋናው ከእነ ሁለት ሁለት ቅጂው ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ላይ መቀመጥ አለበት። በጎጃም ክረምት ከእግር መንገድ በኋላ የረጠበ ዲፕሎማ ይዞ መቅረብ የሚያሳፍር ብቻ ሳይሆን ሰነዱንም የሚያበላሽ ነው።

አንድ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙዎችን ያሰናከለ ነገር የስም አጻጻፍ ነው። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ በአንድ መንገድ፣ በ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ በሌላ፣ በዲፕሎማው ላይ ደግሞ በሦስተኛ መንገድ ይገኛል። የአያት ስም የጎደለበትም አለ። ይህ የሚታየው በምዝገባው ቀን ከሆነ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ሥራ ሳይወጣ፣ ጊዜ ሳለ፣ ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማመሳከርና የተሳሳተውን በሰጠው ትምህርት ቤት ማስታረም ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው ከየት ይሰማል?

የመንግሥት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በዞኑ ጤና መምሪያ፣ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤትና በየሆስፒታሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በበኩርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦችም ይወጣል። የምዝገባው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት የሥራ ቀናት አይበልጥም። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ማስታወቂያ የሚጠብቁት ከእጅ ስልካቸው ነው። ሆኖም መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የአንድ ከተማ ሰሌዳ ምን ያህል እንደሚርቅ የክልሉ ነዋሪ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባየው ግጭት ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ዘመድ ወዳጅ ይጠቅማል። ፍኖተ ሰላም ለገበያ የሚወርድ አጎት፣ ቡሬ የምትነግድ አክስት፣ ባሕር ዳር የሚማር የጎረቤት ልጅ፣ እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ቀን ሰሌዳውን አይተው እንዲያስታውቁ ቢለመኑ ሸክሙ ይቀላል። ተመራቂዎች እርስ በርሳቸው አንዷ ለአንዷ ማሳወቋም ብልህነት ነው። ማስታወቂያ የሚደብቅ ሰው አንድ ጊዜ ያገኝ ይሆናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን የሚነግረው አያገኝም።

ከመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ሌላም በር አለ። የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች፣ ቀይ መስቀል፣ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የፋብሪካና የትምህርት ቤት ክሊኒኮች የጤና ባለሙያ ይቀጥራሉ። ለእነዚህ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ማመልከቻ ጽፎ፣ ራስን አስተዋውቆ መመለስ ነውር የለበትም።

እናት ፈታኝ ስትሆን

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሥራው ግን በአማርኛ፣ ያውም በገበሬ ቤት አማርኛ ነው። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች በቃለ መጠይቅ የሚደናቀፉት ባለማወቅ ሳይሆን የሚያውቁትን በሚገባ ቋንቋ መናገር ስላልተለማመዱ ነው። ለዚህ ልምምድ ከእናት የተሻለ ፈታኝ የለም። እናት ፊደል ባትቆጥር እንኳ ወልዳለች፣ አስታማለች፣ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ተመላልሳለች። ልጅቷ የምትናገረው ለእናቷ ከገባት ለሕመምተኛዋም ይገባታል።

ስለዚህ በቡና ሰዓት፣ ሥራ ሲቀል፣ እናት ትጠይቅ፤ ልጅ ትመልስ። እናት ሆይ፣ እነዚህን ጠይቋት።

«የ8 ወር ሕፃን ሳል ይዞት መጣ። ምን ታደርጊያለሽ?» ልጅቷ ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ፣ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንደምትቆጥር መናገር አለባት። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ የሳንባ ምች ምልክት ነው። መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ አደገኛ ምልክት ነውና ሳይዘገይ ወደ በላይ ጤና ድርጅት ይላካል።

«ሕፃኑ ተወልዶ ባያለቅስስ?» ወዲያው አድርቆ፣ አሙቆ፣ ጀርባውን አሸት አሸት አድርጎ፣ አሁንም ካልተነፈሰ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በማስተንፈሻው መርዳት እንደሚገባ ትናገር።

«እናቲቱ ከወለደች በኋላ ደም ቢፈሳትስ?» ረዳት መጥራት፣ ማሕፀኑን ማሸት፣ የማሕፀን ማኮማተሪያውን መድኃኒት መስጠት፣ የሽንት ፊኛዋን ባዶ ማድረግ፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱንና የተቀደደ ነገር አለመኖሩን ማየት፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ማዘጋጀት፣ ካልቆመም ጊዜ ሳያባክኑ መላክ። ቅደም ተከተሉን ሳትደናገር ከተናገረች ፈታኙ የሚፈልገውን ሰምቷል።

«የክትባት ማቀዝቀዣው መብራት ጠፍቶበት አደረ። ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ?» ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። መለኪያውን አይታ፣ መዝግባ፣ ለኃላፊዋ ሳታስታውቅ ለአንድም ሕፃን እንደማትሰጥ ትመልስ።

«የጎረቤታችን የደም ምርመራ ውጤት ምን ሆነ?» ይህን እናት በድንገት ትጠይቃት። ትክክለኛው መልስ «እማዬ፣ ይህን ለአንቺም አልነግርሽም» ነው። የሕመምተኛ ምሥጢር የሚጠበቀው ከራስ ቤት ጀምሮ ነው።

በዕለቱ እንዴት ትቅረብ?

በእኛ አገር ጨዋ ልጅ አንገቷን የምትደፋ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና በለሆሳስ የምትናገር ናት ተብላ ታድጋለች። ይህ በታላላቆች ፊት አክብሮት ነው። በፈታኝ ፊት ግን የማታውቅ ያስመስላታል። ድምፁ የማይሰማ አዋላጅ በምጥ ክፍል «ግፊ፤ ቆይ፤ ተንፍሺ» ብላ ማዘዝ አትችልም። ስለሆነም ልጅቷ ቀና ብላ፣ የሚጠይቃትን ሰው እያየች፣ ጥርት ባለ ድምፅ እንድትናገር በቤት መለማመድ አለባት። ታናናሾቿን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ በሩ ጋ ላለው እስኪሰማ ድረስ መናገር ጥሩ ልምምድ ነው። ፈታኞቹን «እርስዎ» እያለች፣ ሳትሽቆጠቆጥ፣ ሳትኮራም ትመልስ።

ከሩቅ የምትመጣ ከሆነ በዋዜማው ገብታ ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ለተጠራ ፈተና በዚያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ከገጠር መነሣት ለመኪና ዕድል ራስን መስጠት ነው። ልብሷ ንጹሕና ቀለል ያለ፣ ጥፍሯ የተቆረጠ፣ ጸጉሯ የተያዘ ይሁን። የነርስ እጅ ከወረቀቷ በፊት ይታያል።

«እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሏት የትውልድ ሐረግ መቁጠር ወይም «ታታሪ ነኝ፤ ሰው እወዳለሁ» ብሎ ማቆም አይበቃም። በእጇ የሠራችውን ትናገር። የት የት በተግባር ልምምድ ላይ እንደነበረች፣ በኃላፊ ቁጥጥር ሥር ስንት እናቶችን እንዳዋለደች፣ ስንት ሕፃናትን እንደከተበች ከልምምድ መዝገቧ ላይ አጥንታ በቁጥር ትመልስ። ያልሠራችውን ግን አትጨምር። አንድ የተጋነነ ቁጥር በሁለተኛው ጥያቄ ይጋለጣል።

የማታውቀውን ስትጠየቅም መቀባጠር አያዋጣም። «ይህን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሲያጋጥመኝ መመሪያውን አያለሁ፤ የሚበልጠኝን ባለሙያ እጠራለሁ» ማለት ውርደት አይደለም። በጤና ሙያ ገምቶ የሚሠራ ሰው ሳያውቅ ከቆመ ሰው ይበልጥ ይጎዳል።

«ገጠር ብትመደቢ ትሠሪያለሽ?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ለሴት ልጅ አይቀርም። መልሱ በቤት መጀመሪያ መመከር አለበት። አባትና እናት ሳይስማሙ «አዎን» ብላ፣ ተመድባ ስትጠራ «ብቻዋን እዚያ አትኖርም» ብሎ ማስቀረት የሌላውንም ዕድል መዝጋት ነው። የት ትኖራለች፣ ከማን ጋር ትሆናለች፣ በየስንት ጊዜው ትጠየቃለች የሚለውን ቤተሰቡ ከፈተናው በፊት ይጨርሰው።

«አግብተሻል? ልትወልጂ ታስቢያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅም ያጋጥማል። ልጅቷ ሳትቆጣ «የቤቴ ጉዳይ ከሥራዬ ጋር እንዳይጋጭ አደርጋለሁ፤ የተመደብኩበትን ተራ አከብራለሁ» ብላ ብትመልስ ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሴትን በፆታዋ ምክንያት ማግለል የተከለከለ ነው። በዚሁ አዋጅ ከወንድ እኩል ውጤት ያመጣች ሴት ቅድሚያ ታገኛለች፤ የወለደች ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር አላት።

በሬ ሽጦ ሥራ አይገዛም

መቆየት ሲበዛ «የማውቀው ሰው አለ፤ ይህን ያህል ብትሰጡ ያስገባታል» የሚል ደላላ ከየትም ብቅ ይላል። ወላጅም በችግሩ ብዛት የቀረውን በሬ ለመሸጥ ይነሣል። እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጽኑ። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ቢጠፋ የምትከሱበት ደረሰኝ የላችሁም። ልጅቷ ቢሳካላት እንኳ ሥራውን የጀመረችው በጉቦ ነውና ዘወትር ፈርታ ትኖራለች። ሐሰተኛ ማስረጃ ማሠራት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሰነድ ከሰጠው ትምህርት ቤት ይጣራል፤ ሲገኝም ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን በወንጀል መጠየቅን ያስከትላል። ሥራ ለመስጠት ብሎ ብቻዋን ወደ ሆቴል ወይም ወደ መኖሪያ ቤት የሚጠራትም ቢኖር አሠሪ አይደለም። አትሂድ፤ ለቤተሰቧና ለሕግ ትናገር።

እስኪሳካ ድረስ

የመጀመሪያው ሙከራ ላይሳካ ይችላል። ከፈተና መልስ የተጠየቀችውን ሁሉ በዚያው ምሽት በደብተር ብትጽፍ ለሚቀጥለው መሰናጃ ይሆናታል። እስከዚያውም እጅ እንዳይረሳ በአቅራቢያ ባለ ጤና ድርጅት ኃላፊውን ጠይቆ በፈቃደኝነት ማገልገል ወይም በግል ክሊኒክ መግባት ይቻላል። በግል ስትቀጠር ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። ስትለቅም የሥራ ልምድ ወረቀቷን ሳትቀበል አትውጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ጎረቤት «ተምረሽ የለም ወይ፤ ይህን መርፌ ውጊልኝ» እያለ ወደ ቤት ይመጣል። ልጅቷ ይሉኝታ ይዟት ፈቃድና መሣሪያ በሌለበት ቤት መርፌ ብትወጋ፣ ሰውዬውም ቢጎዳ፣ ገና ያልጀመረችው ሙያ በዚያው ያበቃል። በዚህ ጊዜ እናት ቀድማ «ልጄ ትምከርህ እንጂ በቤት አትወጋም፤ ጤና ጣቢያ ሂድ» ብትል ልጇን ከሁለት ጉዳት ታድናለች።

ውድ እናቶች፣ ከቤታችሁ የወጣው ወይፈንና ጤፍ የባከነ አይደለም። ሆኖም ፍሬ እንዲሰጥ ከድግሱ በኋላም ልጃችሁን መደገፍ ያስፈልጋል። «እስካሁን ምን ሠራሽ?» ከማለት «ዛሬ ምን እንለማመድ?» በሏት። እናንተም ተመራቂ እኅቶች፣ የሚጠብቋችሁ ፈታኞች ብቻ አይደሉም። በቋሪት፣ በሰከላ፣ በደጋ ዳሞት ዳገት ላይ ምጥ ይዟት በቃሬዛ የምትወርድ እናት በጤና ጣቢያው በር የሚቀበላት ሰው ትፈልጋለች። ለእሷ ብላችሁ ተዘጋጁ።